ሽማግሌዎቹ ሪዞርት የገቡ ዕለት

ሞጣ መናኸሪያ ስምሪት ክፍል ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ ከሾፌርና ከረዳት ጋር ስጨቃጨቅ የምውል ሴት ነኝ፤ አፌ ተበላሽቷል። ስለዚህ ይህን ታሪክ በጨዋ ደንብ አወራዋለሁ ብዬ ቃል አልገባም።

ባለፈው ሳምንት ሁለት ጎረምሶች ከራሳቸው የሚበልጥ ቦርሳ አዝለው መስኮቴ ላይ ተደገፉና «እህት፣ ወደ ነጭ ጮቄ ሪዞርት የሚሄደው መኪና የትኛው ነው?» አሉኝ። ስልካቸው ላይ ያለው ካርታ እንዲህ የሚባል ቦታ አለ ብሏቸዋል። ሳቄ አመለጠኝ። ስስቅ ስስቅ ደግሞ፣ እንጃ ምን እንደነካኝ፣ እንባዬ መጣ። ልጆቹ ደንግጠው ወደ ሌላ መስኮት ሄዱ፤ እኔም አልፈርድባቸውም።

እዚያ ሪዞርት እንዴት እንደሚደረስ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ልጅ ሆኜ ሄጄበታለሁ፤ ግማሹን በመኪና፣ ግማሹን ያለ መኪና። ያኔ ለሽርሽር የሄድን መስሎኝ ነበር። የሄድነው ግን እናቴን ልንለምን ነው። አባቴን አኩርፋ ከቤት ወጥታ ነበር፤ በዚያ ቀን እሺ ካላለች ትዳራቸው አለቀለት ማለት ነው። ይህን ከእኔ በቀር መኪናው ውስጥ የነበረ ሁሉ ያውቃል። እኔ የማውቀው በረዶ ላይ እንደምንሸራተት ብቻ ነው።

ቤታችን ቢቸና ነበር። ቤት ስል ወፍጮ ቤቱን ማለቴ ነው፤ የምንተኛባት ክፍል ከጀርባው የተለጠፈች ናት። ወፍጮው ለእናቴ ከአባቷ የደረሳት ነው። ሞተሩን የምታስነሳው፣ ቀበቶውን የምትቀይረው፣ ድንጋዩን የምትወቅረው እናቴ አስቻለች ናት። አባቴ ያየህ ሚዛን ይይዛል፣ ደንበኛ ያጫውታል። አባቴ ክፉ ሰው አይደለም፣ ልቡ ንጹሕ ነው። ግን መኪና ካየ አለቀለት! በራችን ላይ የሚያልፍ አይሱዙ ገና ከሩቅ ድምፁን ሲሰማ የማን እንደሆነ ይናገር ነበር። እሱ ራሱ መኪና ቀርቶ ብስክሌት አልነበረውም።

አንድ ጊዜ እናቴ ለእህቷ ልጅ ክርስትና ደብረ ወርቅ ሄደች። በሄደችበት ነጭ ኮፍያ ያደረገ ሰው በአሮጌ ላንድሮቨር መጣብን። አካለ ወልድ ይባላል፤ የሞጣ ልጅ ነው፣ በረዶ አገር ተምሮ የተመለሰ። ከሞጣ በላይ፣ ጮቄ ተራራ ላይ፣ የበረዶ ሸርተቴ ሪዞርት እየሠራ መሆኑን ለአባቴ አስረዳው። ሰው በበረዶ ተንሸራቶ ይወርዳል፤ ከዚያ ተመልሶ የሚወጣው በገመድ እየተጎተተ ነው፤ ገመዱን ደግሞ ጠንካራ ሞተር ካላዞረው አይሆንም። አባቴ ይህን ሁሉ የሰማው አይመስለኝም። ላንድሮቨሯን ይዞራል፣ ጎማዋን መታ መታ ያደርጋል፣ በመስታወቷ ራሱን ያያል። ምሳ ሳይደርስ ተለዋወጡ። ሞተራችን ተነቅሎ አይሱዙ ላይ ተጫነና ሄደ፤ ላንድሮቨሯ ተገፍታ ሞተሩ የነበረበት ቦታ ገባች።

እናቴ ስትመለስ በር ላይ እየዘለልኩ ጠበቅኋት። «እማዬ! እማዬ! መኪና አለን!» አልኳት። ገብታ አየች። እጇን አፏ ላይ ጫነች፣ ከዚያ መሬቱ ላይ ዘፍ ብላ አለቀሰች። ደስ ብሏት ነው ብዬ አጠገቧ ቁጭ አልኩና እያጨበጨብኩ እኔም አለቀስኩላት። ያን ጭብጨባ ሳስታውስ እስከ ዛሬ እጄን ቁረጪው ቁረጪው ይለኛል።

በማግስቱ እናቴ አልነበረችም። አባቴ «ሞጣ ዘመድ ልትጠይቅ ሄዳለች» አለኝ። ሞጣ ምን ዘመድ አላት? የሄደችው ሞተሯን ተከትላ ነው። እስከ ተራራው ድረስ ተከተለችው፣ አካለ ወልድም ሞተሩን የሚያውቅለት ሰው አጥቶ ስለነበር በደስታ ቀጠራት። አባቴ ይህን የሰማው ከሞጣ ከመጡ ነጋዴዎች ነው፤ ቢቸናም የሰማችው ከእነሱው ነው። እኔ ብቻ ነበርኩ ያልሰማሁት።

እኔ ሥራ ይዤ ነበራ! አካለ ወልድ ለአባቴ አንድ ሥዕል ትቶለት ሄዷል። የፈረንጅ ልጆች ቀይ ለብሰው፣ እግራቸው ላይ ረጃጅም ሳንቃ አስረው፣ ነጭ ተራራ ላይ ይበራሉ። ከሥሩ «ነጭ ጮቄ! ኑ፣ ተንሸራተቱ!» የሚል ጽሑፍ አለው። ሥዕሉን አቅፌው ነበር የምተኛ። አባቴ በጥር ወር አንድ ጠዋት ቀሰቀሰኝና «እፁ፣ ተነሺ፣ ወደ ሥዕሉ አገር ልንሄድ ነው» ሲለኝ ከደስታዬ ብዛት ጫማዬን ግራና ቀኙን አዘዋውሬ አደረግሁት። እናቴን እያሰበ ጎኑን ሲያገላብጥ ያደረው አባቴ እንኳ ያን ሲያይ ሳቀ።

ደጅ ስወጣ ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ለብሰው ቆመዋል። አንዱ መምሬ ገብረ ክርስቶስ ናቸው፤ የአባቴ የነፍስ አባት፣ ክረምት ከበጋ ጥቁር ጃንጥላ የማይለያቸው። ሁለተኛው ጎረቤታችን አያ ምናለ፤ ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም ይባላል፣ እሳቸው ግን ከሚስታቸው ጋር በሰላም ያደሩበት ቀን የለም። ሦስተኛው ጋሽ ዘመነ ናቸው፤ ጤና ጣቢያ ተመድበው ከሌላ አገር መጥተው እዚያው ጡረታ የወጡ። እነዚህ ሁሉ አዛውንት ለመንሸራተት እንዲህ መጓጓታቸው ገርሞኝ ነበር።

ላንድሮቨሯ ካልተገፋች አትነሳም። የኋላ ማርሽ ደግሞ የላትም። ካለፈች አለፈች ነው፤ የረሳነው ነገር ካለ ከተማዋን ዞረን እንጂ ወደ ኋላ ብለን አንመለስም። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አጣጥፈው ሰጡኝና ገፉ።

«ያየህ! ለእርቅ ነው ወይስ ለቀን ሥራ ነው የጠራኸን?» አሉ መምሬ እያለከለኩ።

«ይግፉ፣ መምሬ፣ ይግፉ!» አሏቸው አያ ምናለ። «ደሞ አስቻለች ይህን ብታይልን እኮ አንጀቷ ይራራ ነበር።»

መኪናው ውስጥ የሚያወሩትን ግማሹን እሰማለሁ፣ ግማሹን ሞተሩ ይበላዋል። መምሬ «ዛሬ ካልሆነ ከእንግዲህ አይሆንም» አሉ። አያ ምናለ «እንቢ ካለችስ?» አሉ። ጋሽ ዘመነ ቀስ ብለው «እንቢ ካለችማ ተዘጋ ማለት ነው፣ ምን ይደረጋል» አሉ። ሪዞርቱ ሊዘጋ ነው ብዬ ሰጋሁ። ክፍት ሆኖ እንዲቆየን ለጊዮርጊስ ጧፍ ተሳልኩ፤ አባቴም በልቡ ተስሎ ከሆነ ስለቶቻችን መንገድ ላይ ሳይገናኙ አይቀሩም።

ደብረ ወርቅን ካለፍን በኋላ፣ ሞጣ ለመድረስ ጥቂት ሲቀረን፣ አንድ ዳገት መሀል ላይ ላንድሮቨሯ ሁለት ጊዜ ተንተፋተፈችና ቆመች። ዳገት ላይ ሽቅብ አትገፋም። ቁልቁል ተለቃ እንዳትነሳ የኋላ ማርሽ የላትም። አባቴ ወርዶ ኮፈኑን ከፍቶ ብዙ አፍጥጦ አየ። ከሁሉም የከበደው ግን መኪናዋ የራሱ መሆኗን ማስታወሱ ይመስለኛል።

«መኪና ሜዳ ላይ ተጥሎ አይኬድም» አሉ ጋሽ ዘመነ። «እኔ እጠብቃለሁ፣ እናንተ ሂዱ።» ሳይጠየቁ ገብተው ጋቢያቸውን ተከናንበው በሩን በሽቦ አሰሩ። በኋላ መምሬና አያ ምናለ ሲመለሱ ላንድሮቨሯ ፊት ለፊት የሰው ሰልፍ አገኙ። ሰውየው ጤና ጣቢያ የነበሩ መሆናቸው ተሰምቶ፣ የአገሩ ሰው ጆሮ የሚመግልበትን፣ ወገብ የሚይዘውን እያስከተለ መጥቷል። ጋሽ ዘመነ በመስኮቱ በኩል ምላስ እያስወጡ ያያሉ።

እኛ በሚያልፍ አይሱዙ ላይ ተንጠላጥለን ሞጣ ገባን። አባቴ መናኸሪያው መስኮት ላይ ተደግፎ ወደ ሪዞርቱ የሚሄደው መኪና የትኛው እንደሆነ ጠየቀ። ስምሪቱ፣ ወፍራም ሰውዬ ነበር፣ ከአንገት እስከ እግር አየን።

«ሪዞርት? የምን ሪዞርት?»

«የበረዶ!» አልኩት እኔ፣ ሥዕሌን ወደ ላይ አንስቼ።

«በረዶ ከፈለግሽ ሐምሌን ጠብቂ፣ ሚጣ። እቤትሽ ድረስ ይመጣልሻል፣ ቆርቆሮሽን እየቀጠቀጠ።»

በጣም ነበር የጠላሁት። አሁን ያ መስኮት የእኔ ነው፤ ወንበሩም እሱ የተቀመጠበት ነው።

በእግር ወጣን። ከሞጣ ወደ ተራራው የሚወስደው መንገድ መጀመሪያ የጤፍ ማሳ ነው፣ ከዚያ ገብስና ድንች፣ ከዚያ የአስታ ቁጥቋጦና የጓሳ ሣር፤ ብርዱም እዚያው አብሮ ይጨምራል። መምሬ በጃንጥላቸው ይመረኮዛሉ። ገብስ የጫኑ አህዮች እየነዳች አንዲት ሴት ደረሰችብን። ይርጋነሽ እባላለሁ አለች። መንገድ ስለሚያገናኝ ጨዋታ ተጀመረ።

«እህል ጭኖ ሽቅብ? ሰው ለወፍጮ ወደ ከተማ አይደል እንዴ የሚወርደው?» አሏት አያ ምናለ።

«እሱ ዱሮ ቀረ! አሁን እዚሁ ከላይ ወፍጮ አለን። አንድ የነጭ ኮፍያ ሰውዬ አለ፣ ሰው ልጎትት ብሎ ሞተር አምጥቶ፣ የሚጎተት ሰው ጠፋ። አንዲት ከቢቸና የመጣች እጀ ወርቅ ሴት ናት ሞተሩ ላይ የወፍጮ ድንጋይ ገጥማ የታደገችን።»

አባቴ እርምጃው ዘገየ። «ከቢቸና?»

«አዎ። ባሏ ጅል ነው አሉ። ሞተሯን ሰጥቶ መኪና የተቀበለ።»

«ጅል ነው አሉ?»

«ኧረ ጅል ብቻ! ያውም የማትሄድ መኪና እኮ ነው።»

መምሬ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ፊታቸውን ከለሉ። ፀሐይ በዝቶባቸው ነው ብዬ ነበር። ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። አባቴ የእኔን እጅ ጠበቅ አድርጎ ያዘና የቀረውን መንገድ ወጣው።

ሪዞርቱ አንድ ነጭ ቀለም የተቀባ የቆርቆሮ ቤት ነው። በሩ ላይ ከቤቱ የሚበልጥ ማስታወቂያ ተሰቅሏል። ከጀርባው ድንጋዩ ተለቅሞ የተስተካከለ ረጅም ተዳፋት አለ፤ መሀሉን ይዞ ገመድ በመዘውር ላይ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ከላይ ሞተሩ ያለበት ዳስ ይታያል። በረዶ የሚባል ነገር የለም። ተዳፋቱን ሙሉ የገብስ ገለባ ተነስንሶበታል፤ በረዶ እስኪወርድ ድረስ እንግዳ በዚያ ላይ እንዲለማመድ ነው። አካለ ወልድ አንድ ሐምሌ ጠዋት ያ ተራራ ነጭ ለብሶ አይቷል። ያየው ሌሊቱን የወረደ ጠጠር በረዶ ነው፣ ከምሳ በፊት ቀልጦ የሚጠፋ። እሱ ግን ከምሳ በፊት ወደ ባሕር ዳር ስለሄደ መቅለጡን አላየም፤ ሪዞርቱን የሠራው በዚያ ጠዋት ነው።

እየሮጠ መጣ። «እንኳን ደህና መጣችሁ! የመጀመሪያዎቹ እንግዶቻችን!» ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ግቡ፣ ተቀመጡ!»

እናቴ የምትኖረው በሱ ጣሪያ ሥር ስለሆነ፣ ለሽማግሌዎቹ የዚያ ቤት ባለቤት የወገኗ ምትክ ነው፤ ፊቱ መቆም አለባቸው። ቆሙ። መምሬ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «አንቀመጥም» አሉ። «የመጣንበት ሳይሰማልን አንቀመጥም፣ እህል ውሃም አንቀምስም።»

አካለ ወልድ ደነገጠ። ወንበሮቹን አያቸው፣ የፕላስቲክ ናቸው። ሮጦ ገብቶ ትራስ አመጣ። አልተቀመጡም። የራሱን አልጋ ፍራሽ ጎትቶ አወጣ። አልተቀመጡም። «ሻይ?» አለ። «አንቀምስም።» «ጾም ከሆነ የጾም ምግብ አለ!» «አንቀምስም አልን፣ ልጄ።» ሰውየው ላብ ላብ አለው፤ በረዶ አገር የተማረው የእንግዳ አያያዝ ለዚህ መልስ አልነበረውም። እኔም ተናደድኩባቸው። ይህን ሁሉ መንገድ መጥተን ወንበር ያማርጣሉ እንዴ?

በመጨረሻ አያ ምናለ አላስቻላቸውም። «አስቻለች የምትባል ሴት አለች?»

«ሞተሪስቷ! ከላይ ናት!» አለ አካለ ወልድ፣ ፊቱ በራ። «ገመዱን ይያዙ፣ ይወስድዎታል። መቀመጥ አያስፈልግም፣ ቆሞ ነው የሚኬደው!» ገና እሺ እምቢ ሳይባል መምሬን ገመዱን አስያዛቸው፣ ፊሽካውን ነፋ።

ሞተሩ ከላይ ተነሳ። ድምፁን ለየሁት፤ ከተወለድኩ ጀምሮ የተኛሁበት ድምፅ ነው። ከሥዕሉ በላይ ደስ አለኝ፣ ለምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም። መምሬ በአንድ እጃቸው ገመዱን፣ በሌላው ጃንጥላቸውን ይዘው ሽቅብ ተጎተቱ፤ ጋቢያቸው ከኋላ ይንሳፈፋል፤ በየመሀሉ «በስመ አብ! በስመ አብ!» ይላሉ። ተዳፋቱ መሀል ሲደርሱ ድንገት ሞተሩ ቀጥ አለ። እናቴ ከዳሷ ሆና ጥምጣሙን አይታ አውቃቸዋለች። ገመዱ ሲረግብ መምሬ ለቀቁት፤ ገለባው ደግሞ ለቀቃቸው። ጃንጥላቸው ተዘርግቶ፣ በቂጣቸው፣ እኛ እስከቆምንበት ድረስ መጡ። በጎጃም ምድር የመጀመሪያው ተንሸራታች መምሬ ገብረ ክርስቶስ ናቸው፣ ማንም ቢጠይቀኝ እመሰክራለሁ።

አካለ ወልድ አጨበጨበ። «ብራቮ! ጉልበትዎን ግን አጠፍ ያድርጉት!»

መምሬ ገለባቸውን ሳያራግፉ ተነስተው እንደገና ቆሙ።

በዚህ መሀል ከላይ አንድ ሰው በድንጋዩ ጥግ ጥግ እየረገጠ ሲወርድ አየሁ። ከራስ ፀጉሩ እስከ ጫማው ነጭ ነው። ቅንድቡ ነጭ፣ ሻሹ ነጭ። ሲቀርብ እናቴ ሆነች። «በረዶ!» ብዬ ጮህኩና ሮጬ ተጠመጠምኩባት። ጉንጯን ላስኩት። በረዶ ገብስ ገብስ ይላል። ይህን ብዙ ዓመት ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ ስናገር ኖሬአለሁ፤ ዱቄት መሆኑን ማንም አልነገረኝ። እናቴ አቅፋ አቅፋ አልጠግብ አለችኝ፤ አቀፋፏ አሳመመኝ።

ከዚያ ቀና አለች። የመምሬን መስቀል ተሳለመች፣ አያ ምናለን በአክብሮት ሰላም አለች። አባቴን አልፋው ሄደች። የወፍጮ ወረፋ የያዘው ሰውም ከላይ ወርዶ ዙሪያችንን ቆመ፤ ይርጋነሽ አባቴን ስታይ ነጠላዋን አፏ ላይ ሸጎጠች።

«ልጄ አስቻለች» አሉ መምሬ፣ «ጥፋቱ የሱ ነው፣ ይወቀው። ግን ባልሽ ነው። ወደ ቤትሽ ተመለሽልን ብለን ቆመናል።»

«መምሬ፣ ስለእኔ መቆምዎ ክብሬ ነው» አለች እናቴ። «ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ያየህ እኔን ለመመለስ ሽማግሌ ሰብስቦ ተራራ ድረስ መጣ። ሞተሬን ሲሰጥ አንድ ሰው ልኮ፣ አስቻለች ምን ትያለሽ አስብሏል?»

«አልነበርሽማ» አለ አባቴ፣ ድምፁ ከሩቅ እንደሚመጣ። «ደብረ ወርቅ ነበርሽ እኮ።»

«ደብረ ወርቅ! ደብረ ወርቅ ስንት ያስኬዳል? መኪና ነበረህ አይደል?»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ከሰው ጋር ሳቅሁ። አባቴ ብቻውን አንገቱን ደፋ።

«አልሄድም፣ መምሬ» አለች እናቴ። «ወደየትኛው ቤቴ ነው የምሄደው? መኪና የተኛበት? እዚህ ሰው ወረፋ ይዞ ይጠብቀኛል።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እነሱ የሚያውቁት መንገድ አንድ ነው፤ ያኮረፈች ሚስት ተለምና ትመለሳለች፣ አለቀ። አያ ምናለ ወደ መምሬ ጆሮ ተጠጉ፣ ግን ሹክሹክታቸው ሁልጊዜ ከጩኸት አይለይም።

«እሷ ካልወረደች እንግዲህ እሱ ይቅራ።»

«ምን? ሚስት ልንመልስ መጥተን ባል ጥለን ልንሄድ? ቢቸና ምን ይለናል?»

«ቢቸና ያለውን ይበል። ቤቱ ይፍረስ ወይ?»

ያኔ ነገሩ አልገባኝም፤ አሁን ግን ለአባቴ ምን ማለት እንደነበር አውቃለሁ። ሚስቱን ተከትሎ በሚስቱ ሥራ የሚኖር ወንድ በአገራችን መሳቂያ ነው፤ ስም ይወጣለታል፣ ስሙም ለልጁ ይተርፋል። አባቴ ወደ መጣንበት መንገድ ተመለከተ። ረጅም ጊዜ ተመለከተ። ከዚያ ወደ ተዳፋቱ ጥግ ሄደና፣ ከተለቀመው የድንጋይ ክምር ትልቁን መርጦ፣ ጎንበስ ብሎ ማጅራቱ ላይ ጫነው። መጥቶ እናቴ ፊት ቆመ።

የበደለ ሰው እንዲህ ድንጋይ ተሸክሞ ይለምናል። የተበደለው ካነሳለት ታረቁ ማለት ነው። ካላነሳለት ተሸክሞት እንደመጣ ይመለሳል። እኔ ግን የሸርተቴ ትምህርት የተጀመረ መሰለኝ፣ አካለ ወልድም እንደኔው። «አያችሁ! ጉልበት የሚታጠፈው እንዲህ ነው!» አለና ሰዉ ሁሉ ዝም ማለቱን ሲያይ ኮፍያውን ቀስ ብሎ አወለቀ።

እናቴ ድንጋዩን አየችው። አባቴን አየችው። «የይርጋነሽ ገብስ ይጠብቀኛል» አለችና ተመልሳ ወደ ሞተሯ ወጣች።

አቤት የዚያ ቀን ወፍጮ! ይፈጫል፣ ይፈጫል። አባቴ ጎንብሶ ቆሟል፤ ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ እየተንጠባጠበ ገለባውን ያርሳል። ሽማግሌዎቹ ቆመዋል። ሰውየውን አይተውት የማያውቁት የተራራ ሰዎችም ኮፍያቸውን አውልቀው ቆመዋል። ይርጋነሽ «ኧረ የኔ ይቆይ፣ ኧረ ለነገ ይደር» ብላ ወደ ላይ ተጣራች፤ ሞተሩ አልሰማትም። አባቴ ብቻውን ትምህርት ሲማር ቅናት ያዘኝ። ከክምሩ ትንሽ ድንጋይ አነሳሁና ማጅራቴ ላይ አድርጌ፣ ጉልበቴን አጥፌ፣ ጎኑ ቆምኩ። አባቴ ጎንበስ እንዳለ ዓይኑን ወደ እኔ አዞረ። ያን ጊዜ ነው ሲያለቅስ ያየሁት። ድንጋዩ ከብዶት ነው ብዬ «አይዞህ፣ አባዬ» አልኩት።

ሞተሩ ቆመ። እናቴ ወረደች።

መጀመሪያ ወደ እኔ መጣች። ድንጋዬን አንስታ ወረወረችው፣ ማጅራቴን በዱቄት እጇ አሻሸችልኝ። ከዚያ አባቴ ፊት ቆመች።

«ያየህ።»

«አቤት።»

«እዚህ ብርድ ነው። ሰው ይስቅብሃል። ሚዛኑን ትይዛለህ፣ ሞተሩን አትነካም። ትቀራለህ?»

አባቴ ቀና ሊል ሞከረ፣ ድንጋዩ አላስቻለውም። መሬት መሬቱን እያየ «እቀራለሁ» አላት።

«አየህ?» አለች። «ይቺው ናት እኮ። ጠይቆ መስማት ይቺው ናት፣ ያየህ። እኔን አንድ ቀን እንዲህ ብትለኝ ምን ነበረበት?»

ከዚያ ጎንበስ ብላ ድንጋዩን በሁለት እጇ ያዘች። ከብዶት እያገዘችው መስሎኝ እኔም በአንድ በኩል ያዝኩላት።